«ይህን ገንቦ ማን ሰፋው?» ሙዚየም ለልጆች የፈጠራ ችሎታና ለነገ ሙያቸው ምን ያደርጋል?

እናትዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ዕለት የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ከተመለስን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ከእናንተ ጋር ልመክርበት መጣሁ።

ሃያ ያህል ሰዎች ሆነን በአንድ አስጎብኚ ተመራን። አስጎብኚው ዕውቀት ያለው ሰው ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት አዳራሽ አዳረሰን። በሦስተኛው አዳራሽ ልጄ ከአንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆመች። በውስጡ ያለው ተራ የሸክላ ገንቦ ነው፤ ጌጥም ቀለምም የለውም። ሰው ሁሉ ወደ ወርቁ አልፎ ሄዷል። እጇን ይዤ ስጎትታት «እማዬ፣ ይህን ገንቦ ማን ሰፋው?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ከአፉ እስከ ሆዱ የወረደ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ በሁለቱ ውስጥ የዛገ ሽቦ ቁራጭ ቀርቷል። የተሰነጠቀውን ገንቦ አንድ ሰው በስቶ በሽቦ ሰፍቶታል! መግለጫው ስለዚህ አንድም ቃል አይልም፤ ዘመኑንና የተገኘበትን ስፍራ ብቻ ይናገራል። ልጄ ለመጠየቅ እጇን አወጣች። አስጎብኚው «ጥያቄ በመጨረሻ» ብሎ አለፈ። በመጨረሻው ደግሞ ጊዜ አልነበረም።

ቤት ከገባን በኋላ ስትሥል አመሸች። ሰባት ሥዕል ሠራች። በአንዱ ላይ ሽቦው ከውጭ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚመለስ በቀስት አሳይታለች። በሌላው ደግሞ ሸክላው ሳይፈረካከስ በምን እንደተበሳ ለመገመት ሦስት ዓይነት መሣሪያ ሥላለች። ሦስቱም የራሷ ፈጠራ ናቸው።

ባለቤቴ ሥዕሎቹን አይቶ ደስ አለው፤ ነገር ግን «ሙዚየም መዝናኛ ነው፤ ለነገ ኑሮዋ የሚጠቅማት ሒሳብና ኮምፒውተር ነው» አለ። እኔ ደግሞ ያ ምሽት ከብዙ የትምህርት ቀን የበለጠ ያሠራት መስሎኛል። መምሰል ብቻ ግን አይበቃኝም። ሙዚየም በእርግጥ የልጅን የፈጠራ ችሎታ ያሳድጋል? ያ ችሎታስ ወደ ሙያ ያደርሳል? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ከመስታወቱ ጀርባ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ በሙዚየም ውስጥ ቅርሶችን ለዕይታ የማዘጋጅ ሠራተኛ ነኝ። በመጀመሪያ ልጅዎ ለጠየቀችው መልስ ልስጥ፤ ሳትመለስ የቀረች ጥያቄ ናትና።

ገንቦውን የሰፋው የዘመኑ ጠጋኝ ነው። በጥንቱ የግሪክ ዓለም የተሰበሩ የሸክላ ዕቃዎችን በስንጥቁ ግራና ቀኝ እየበሱ በእርሳስ ማያያዝ የተለመደ ነበር፤ በቻይናም የተሰበረ ሸክላ በብረት ቆንጣጭ ይጠገን ነበር። የሚበሳውም በአብዛኛው የደጋን ገመድ ተጠምጥሞበት ደጋኑ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከሣለቻቸው ሦስት መሣሪያዎች አንዱ የሚሽከረከር ከሆነ ትክክል ገምታለች ብለው ይንገሯት።

ስለ ሙያ የጠየቁትን ደግሞ ከሥራዬ ተነሥቼ ልመልስ። በሣጥኑ ውስጥ ገንቦው ብቻውን የቆመ ይመስላል። አይደለም። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ቀጭን የናስ ዘንግ አለ። ያን ዘንግ አንድ ሰው የቅርሱን ቅርጽ ተከትሎ በእሳት እያሞቀ አጥፎታል፣ በይዶታል፣ ሸክላውን እንዳይነካ በስስ ልባስ ሸፍኖታል፣ በመጨረሻም ጎብኚው እንዳያየው የገንቦውን ቀለም ቀብቶታል። ሥራው ካማረ ማንም አያየውም። ከአጠገቡ የተሰቀለው ጨርቅ ደግሞ ቀለሙ እንዳይለቅ የሚበራለት መብራት ከሃምሳ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ይህ አንድ መደበኛ ቢሮ ከሚበራለት አሥር እጅ ያህል ያነሰ ነው። ታዲያ በዚህ ደብዛዛ ብርሃን ጨርቁ አምሮ እንዲታይ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የቅርስ ጥገና ባለሙያው ኬሚስትሪ ያውቃል፤ የዐውደ ርእይ ንድፍ አውጪው ሰው በአዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚራመድ ያጠናል፤ መግለጫ ጸሐፊው ሦስት ገጽ ዕውቀት በስልሳ ቃል ይጨምቃል።

እኔን የሚቆጨኝ ይህን ሁሉ ከልጆች መደበቃችን ነው። ልጆች የሚያዩት ያለቀ ነገር ብቻ ነው። ያለቀ ነገር ያስደንቃል እንጂ «እኔም ልሞክረው» አያሰኝም። የልጅዎን እጅ ያነሣሣው የገንቦው ውበት አልነበረም፤ የጠጋኙ እጅ ያረፈበት ምልክት ነው።

ስለ ጥድፊያው ደግሞ እኛን ወቅሱ። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባለ የቦስተን ሙዚየም ሰው እ.ኤ.አ. በ1916 ስለ ሙዚየም ድካም ሲጽፍ፣ አንድ ጎብኚ ዕቃዎቹን ለማየት እንዴት እንደሚጎብጥ፣ እንደሚንበረከክና እንደሚንጠራራ በፎቶግራፍ አሳይቶ ነበር። ያ ጎብኚ አዋቂ ነው። ቁመቷ ከሣጥኑ ወለል ብዙም ለማይበልጥ ልጅ ጉብኝቱ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። እስከ ዛሬም ብዙ ሣጥን የሚሠራው ለአዋቂ ዓይን ነው።

---

ቁጥር ወዳድ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን የባለቤትዎን ሐሳብ የሚደግፍ ሰው እስካሁን ስላልተነሣ እኔ ልናገር። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሦስት ልጆችም አሉኝ።

በእንዲህ ያለ ውይይት ሁልጊዜ የሚነሡት ሁለት ታሪኮች ናቸው። ስቲቨን ጄይ ጉልድ በአምስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄዶ የዳይኖሰር አጽም አየና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሆነ። ኒል ዴግራስ ታይሰን በዘጠኝ ዓመቱ በዚያው ከተማ ሃይደን ፕላኔታሪየም በተባለው የሰማይ ማሳያ አዳራሽ የከዋክብቱን ሰማይ አየና የከዋክብት ተመራማሪ ሆነ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1996 የዚያው ፕላኔታሪየም ኃላፊ ሆነ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ያምራሉም። ግን በእነዚያ ቀናት ያንኑ አጽምና ያንኑ ሰማይ ያዩ ስንት ልጆች ነበሩ? እነርሱስ ምን ሆኑ? የተሳካለትን ብቻ እየቆጠርን ዛፉን ያበቀለው ዝናብ ነው ማለት አይቻልም፤ ዝናቡ በድንጋይም ላይ ዘንቧል።

ደግሞም የልጅ ጊዜ ውስን ነው። ቅዳሜን ለሙዚየም የሰጠ ቤተሰብ ቅዳሜን ከሌላ ነገር ወስዷል። ማስረጃ ካለ አሳዩኝ፤ ልቤ የተዘጋ አይደለም።

---

ጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ ቁጥር ወዳድ፣ ጥያቄህ የጨዋ ጥያቄ ነው። ማስተማር ከጀመርሁ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ የፈለግኸውን ዓይነት ማስረጃ አንድ አውቃለሁና ላስረዳህ።

በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት፣ ቤንተንቪል በምትባል ከተማ ክሪስታል ብሪጅስ የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ። ተማሪዎችን በነጻ አስጎበኛለሁ ሲል ከአቅሙ በላይ ትምህርት ቤቶች አመለከቱ። ተመራማሪዎቹ ይህን አጋጣሚ ተጠቀሙበት፤ ማን አስቀድሞ እንደሚጎበኝና ማን ኋላ እንደሚሄድ በዕጣ ተለየ። ዕጣ መሆኑን ልብ በል፤ ጎበዙ ወይም ሀብታሙ ተመርጦ አልሄደም። በ123 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ተጠኑ።

ከሳምንታት በኋላ ለሁሉም ከዚያ ቀደም አይተውት የማያውቁት ሥዕል ታየና በሥዕሉ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ፣ ለምንስ እንደዚያ እንዳሰቡ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ጽሑፋቸውን ያረሙት ሰዎች የትኛው ልጅ እንደጎበኘና የትኛው እንዳልጎበኘ አያውቁም ነበር። የጎበኙት ልጆች አስተውለው በማየትና ግምታቸውን በምክንያት በመደገፍ በልጠው ተገኙ። ከገጠርና ከድሃ ትምህርት ቤቶች በመጡት ላይ ደግሞ ለውጡ ከሌሎቹ እጅግ የጎላ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በሙዚየሙ ካዩአቸው ሥዕሎች አንዱ የባርነት ተቃዋሚዎች ከሜፕል ዛፍ ስኳር ሲያወጡ ያሳያል፤ በባሪያ ጉልበት የሚመረተውን ስኳር ላለመግዛት ነው። ያን ሥዕል ከተመለከቱት ተማሪዎች 88 በመቶው ምን እንደሚያሳይ ከሳምንታት በኋላ አስታውሰዋል። ፈተና አልነበረባቸውም፤ አጥኑ ያላቸውም የለም። እኔ ለፈተና ያስጠናሁትን ያን ያህል ያስታወሰ ክፍል አስተምሬ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ አዝናለሁ እንጂ።

---

ቁጥር ወዳድ

መምህርት፣ አመሰግናለሁ። ዕጣው አሳምኖኛል። እንዲህ ያለ ጥናት መኖሩን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ አስተውሎ ማየትና ምክንያት ማቅረብ ጥሩ ነው፣ ግን ሙያ አይደለም። ከዚያ እስከ ሥራ ያለውን መንገድ ማን ያሳየኛል?

---

ንድፍ አውጪ

ወንድሜ፣ መንገዱን ከፈለግህ ወደ ኋላ እንመለስ። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው የለንደን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1852 ሲቋቋም ስሙ የማምረቻ ውጤቶች ሙዚየም ነበር። የተቋቋመው ለመዝናኛ አልነበረም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ ላይ የሀገራቸው ዕቃዎች ንድፍ ደካማ መሆኑ ያሳሰባቸው ሰዎች፣ ሠራተኛውና ተማሪው ጥሩ ዕቃ አይቶ ዓይኑን እንዲያሠለጥን ብለው ነው ያቆሙት። የመጀመሪያው ኃላፊ ሄንሪ ኮል ሠራተኛ ቀን ሥራ ላይ እንደሚውል ያውቅ ስለነበር፣ ሙዚየሙ ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን ከተዛወረ በኋላ በጋዝ መብራት ማታ ማታ ክፍት እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ «ሙዚየም ከሥራ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚለው ታሪክ ራሱ ይመልሳል፤ ቢያንስ ይህኛው ሙዚየም ከሥራ ነው የተወለደው።

ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ክፍላቸውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት «የተሳሳቱ የማስጌጥ መርሖዎች» ብለው መጥፎ ናቸው ያሏቸውን ዕቃዎች ሰብስበው ለሕዝብ አሳይተው ነበር፤ ሰው «የአስፈሪ ነገሮች ክፍል» አለው። አምራቾች ተቆጡ፤ ክፍሉም ብዙ አልቆየም። ሐሳቡ ግን ለልጅ ወርቅ ነው። ለልጅ ሁልጊዜ የተመረጠውን ብቻ ስናሳየው ማድነቅን እናስተምረዋለን። ያልተሳካውንም አሳይተን «አንተ ብትሆን ምኑን ትለውጣለህ?» ስንለው ግን መፍረድ ይጀምራል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? በእኔ ሥራ ከመሣል መፍረድ ይከብዳል። አዲስ የተቀጠሩ ወጣቶች ኮምፒውተሩን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ከሠሯቸው አሥር ንድፎች የትኛው እንደሚሻልና ለምን እንደሚሻል ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ የሚፈታው በልጅነት ነው።

---

የሥዕል መምህር

ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ትንሽ ልጨምር፤ ወላጆች ዛሬውኑ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ስለሆነ።

አቢጌል ሃውዘን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪና በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ የናዊን ያበጁት ዘዴ አለ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። በዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተሽ ነው እንደዚያ ያልሽው? ሌላስ ምን እናገኛለን? አለቀ። አስተማሪው አያርምም፣ አያሞግስም፤ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል ይደግመዋል፣ የተባለውን ነገር በእጁ ያመለክታል፣ ወደ ሌላው ልጅ ያልፋል። በክፍሌ ስጀምረው ዝም ማለት አቃተኝ። አንድ ልጅ የተሳሳተ ነገር ሲናገር ምላሴ ይበላኛል። ዝም ስል ግን ከሦስትና ከአራት ልጅ በኋላ ሌላ ልጅ ራሱ ያርመዋል፤ ያውም ማስረጃውን እያሳየ።

በዚያው ሙዚየም ከእነርሱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ቪክተር ዳሚኮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1969 የትምህርት ክፍሉን መርቷል። በ1942 ለልጆች ብቻ የሆነ የሥነ ጥበብ በዓል ጀመረ። መግቢያው በልጅ ቁመት የተሠራ በር ነበር፤ ወላጅ አይገባም! በመጀመሪያው ክፍል ልጆቹ የሚንቀሳቀሱና ቀለማቸው የሚማርክ መጫወቻዎችን ያያሉ፣ ይነካሉ። በሁለተኛው ክፍል ቀለም፣ ወረቀት፣ ሽቦና ቁርጥራጭ ይጠብቃቸዋል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ዓይንና ስሜት ይነቃል፣ ወዲያው እጅ ይከተላል። በመካከሉ ንግግር የለም፤ «እንዲህ ሥሩ» የሚል ናሙናም የለም። ዳሚኮ ልጆች የተሣለ ነገር ላይ ቀለም እንዲሞሉ ማድረግን አጥብቆ ይቃወም ነበር።

የእኅታችን ልጅ ቤት ገብታ የሣለችው ዳሚኮ የፈለገውን ነው። የጎደለው ሁለተኛው ክፍል ነው። ብዙ ሙዚየም የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይሠራና ልጁን በስሜት ሞልቶ ወደ መውጫው ይልከዋል።

እባካችሁ ስልካችሁንም ከኪሳችሁ አታውጡ። ሊንዳ ሄንክል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ የሙዚየም ዕቃዎችን ፎቶ ያነሡ ሰዎች ዝም ብለው ከተመለከቱት ያነሰ አስታውሰዋል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም በ2015 ጎብኚዎቹን «ፎቶ ከማንሣት ሣሉ» ብሎ እርሳስና ወረቀት ማደል የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። መጥፎ ሥዕል ይሁን፤ ግድ የለም። እጀታውን ለመሣል እጀታው የት እንደሚጀምር ማየት ግዴታ ነው።

---

ገና ተማሪ

ሰላም ለታላላቆቼ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ልጆች ስታወሩ ትንንሾቹን ብቻ ነው የምታስቡት፤ ለእኛ ዕድሜ ሙዚየም ምን ያደርጋል?

የምጠይቀው ማንበብ ስለሚከብደኝ ነው። ፊደላቱ ይምታቱብኛል። ትምህርት ቤት ሰነፍ ተብዬ ኖሬአለሁ። የሚሠራ ነገር ሲያሳዩኝ ግን ቶሎ ይገባኛል። አንድ ቀን በአንድ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ጥርሳቸው የሚቆላለፍ መዘውሮች አይቼ፣ ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ ለምን አንዴ ብቻ እንደሚዞር በራሴ ደረስሁበት። ከአጠገቤ ለነበረ ትንሽ ልጅም አስረዳሁት። ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ምንም አስረድቼ አላውቅም ነበር።

---

ጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ፣ ሰነፍ ያሉህ ተሳስተዋል። በእኔም ክፍል እንዳንተ ያሉ ልጆች አልፈዋል፤ ሁሉንም በጊዜው አላወቅኋቸውም፣ ይህም እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ማይክል ስፖክን ታውቀዋለህ? የማንበብ እክል የነበረበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የቦስተን የልጆች ሙዚየም ኃላፊ ሆነና ዕቃዎቹን ከመስታወት ሣጥን አውጥቶ በልጆች እጅ አስገባቸው። ካዘጋጃቸው ዐውደ ርእዮች አንዱ «ውስጡ ምን አለ?» የሚል ነበር፤ የዕለት ተዕለት ነገሮች ተከፍተው ውስጣቸው ይታይ ነበር። በልጅነቱ ከመጽሐፍ ይልቅ ከዕቃ የተማረ ሰው፣ እንደ እሱ ያሉ ልጆች የሚማሩበትን ቤት ሠራ።

---

ከመስታወቱ ጀርባ

ስለ ዕድሜህ ለጠየቅኸው ወንድሜ ይህን ስማ። ፍራንክ ኦፐንሃይመር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን የሳይንስ ሙዚየም ከፈተ። በፖለቲካ ምክንያት ከምርምር ዓለም ተገልሎ ዓመታትን በከብት እርባታ ያሳለፈ፣ ከዚያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። በሙዚየሙ ውስጥ ለጎብኚዎች የሚያስረዱት ባለሙያዎች ሳይሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲሆኑ አደረገ፤ ደመወዝ እየተከፈላቸው። የፊዚክስ ጎበዝ መሆን አይጠበቅባቸውም ነበር። ያልገባቸውን ነገር ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ለጎብኚውም ይቀርባል።

ሌላም አደረገ። የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍሉን ከግድግዳ ጀርባ አልደበቀውም፤ ጎብኚው ሲገባ ሠራተኞቹ ሲቆርጡ፣ ሲበይዱ፣ ሲሳሳቱ ያያል። ቅድም የቆጨኝ ነገር መልስ ይኸው ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተሠርቶ አልቋል። ኦፐንሃይመር «በሙዚየም የወደቀ ተማሪ የለም» ይል ነበር። አንተም ለዚያ ትንሽ ልጅ ስታስረዳ ማንም ውጤት አልሰጠህም። በአቅራቢያህ ያለውን ሙዚየም ሄደህ በፈቃደኝነት የማገልገል ዕድል እንዳለ ጠይቅ። ከሌለም ጥያቄህን በጽሑፍ ተውላቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ሠራተኛው ሁሉ ያነበዋል፤ ጥቂት ስለሚመጣ።

---

ሩቅ ያለሁ አባት

ስለ ሙዚየም ስትነጋገሩ በጽሞና እከታተላለሁ፤ ነገር ግን እኛ የምንኖርበት አካባቢ ሙዚየም የለም። ለእኛስ?

---

የሥዕል መምህር

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ልበል። ስሚዝሶንያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ምስሎችንና በሁሉም ጎን የሚዞሩ ሞዴሎችን ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ለቋል፤ ልጆችዎ አውርደው ሊቆርጧቸው፣ ሊቀጥሏቸው፣ አዲስ ነገር ሊሠሩባቸው ይችላሉ። ነገር ግን ስክሪን ጠረንና ክብደት የለውም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አብልጬ እመክራለሁ። ልጆችዎ የራሳቸውን ሙዚየም ያቋቁሙ። አንድ መደርደሪያ፣ አሥር ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ ከስልሳ ቃል ያልበለጠ መግለጫ። የቱ ይግባ፣ የቱ ይቅር፣ ከየቱ ጎን ይቀመጥ ብለው መጣላታቸው አይቀርም። ይጣሉ፤ በሙዚየም ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችም የሚከራከሩት በዚሁ ነው።

---

አናጢው

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የእጅ ሙያተኛ ነኝ፤ ስለ ሙዚየም ብዙ አላውቅም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ለራት አይብቃ! ማቡካቱን ይልመድ እንጂ። ወደ ሥራ ቤቴ የሚመጡ ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ይህ እንዴት ተሠራ?» ከሆነ ያ ልጅ ሠሪ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ እስካሁንም ግምቴ ብዙ ጊዜ አልሳተም። «ዋጋው ስንት ነው?» ያለው ልጅ ነጋዴ ይሆናል፤ እሱም መልካም ነው። እህቴ፣ ልጅዎ የሠሪ ጥያቄ ጠይቃለች።

---

እናትዋ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ዛሬ ተመልሰን ሄድን፤ ባለቤቴም አብሮን መጣ። አስጎብኚ አልያዝንም። በቀጥታ ወደ ሦስተኛው አዳራሽ ገብተን ገንቦው ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ ሦስታችንም። በልጄ ቁመት ሳየው ቅዳሜ ያላየሁትን አየሁ፤ ቀዳዳዎቹ ከላይ ተቀራርበው፣ ወደ ታች ሲሄዱ ተራርቀዋል። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅኋት። ለመጀመሪያው «ሰውየው መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ በኋላ ለመደ» ብላ መለሰች። ምን አይተሽ ነው ስላት ርቀቱን በጣቷ አሳየችኝ። ባለቤቴ ግን «ወይም ሽቦው እያለቀበት ነበር» አለ። ሁለቱ ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም፤ እነርሱም አልተስማሙም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ቀን ካየናቸው ስድስት አዳራሾች እኔ የማስታውሰው ይህን አንድ ሣጥን ብቻ ነው።

ስንወጣ ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ፣ ከሥዕሎቿ አንዱን አያይዛ በመግቢያው ላሉት ሠራተኞች ሰጠች። ይድረስ አይድረስ እናያለን።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለአናጢው ወንድማችን። ልጄ ሸክላ መብሳት አለብኝ ብላለች። የተሰበረ የአበባ ማስቀመጫ ገል አግኝተናል። አንድም አደጋ ሳይደርስባት እንዴት እናድርገው?

---

አናጢው

ገሉን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፤ የረጠበ ሸክላ አይሞቅም፣ አቧራውም አይነሣም። ጠዋት የሚበሳበትን ቦታ ላዩን በጨርቅ አድርቀው በማጣበቂያ ፕላስተር ይሸፍኑትና እርስዋ ራስዋ ነጥቡን በእርሳስ ታድርግበት፤ ፕላስተሩ የመሰርሰሪያው ጫፍ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከሥሩ ለስላሳ እንጨት ያድርጉለት፤ አለዚያ በወጣበት በኩል ይፈረፍራል። በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ አይሁን፤ ጫፉም ለግንብ የሚሆነው ይሁን። ገሉን በሞርሳ አያጥብቁት፣ ይሰነጠቃል፤ አባትዋ በጓንት ይያዝላት። መነጽር ሁለቱም ያድርጉ። ከጠርዙ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ትራቅ።

አትጫን፤ ታዙረው። ሲከብዳት ውኃ ጠብ ታድርግበትና ትጠብቅ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ መሰልቸት ከጀመረች ባለቤትዎ ሊጨርስላት ይፈልግ ይሆናል፣ እንዳይጨርስላት።

---

እናትዋ

ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ገሉ ውኃ ውስጥ ገብቷል።